ድርሻ የሌለው ዶሮ

እኔ የምረሳ ሰው አይደለሁም። ይኼን አስቀድሜ ልንገርሽ ፍሬዬ፣ በኋላ "እምዬ ጨምራበት ነው" እንዳትዪ። ክርስትና ስነሳ ቄሱ ያስነጠሱትን ሁሉ አስታውሳለሁ። አያትሽ ይኼን ስነግረው "የሰማንያ ቀን ልጅ ምን ታስታውሳለች?" ይለኛል። እሱ እኮ ትናንት መነጽሩን የት እንዳኖረ ጠፍቶት ቤቱን ሲያገላብጥ የዋለ ሰው ነው። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ አይቻለሁ፣ ግን አልነገርኩትም፤ ግማሽ ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ስለዚህ አሁን የማወራሽ ነገር ላይ አንዲት ነገር አልተጨመረም። ከተጨመረም ለጣዕም ነው። ወጥ ላይ ጨው ቢጨመር ወጡ ውሸት ሆነ ይባላል እንዴ?

ጎረቤታችን አማረች ስልኳን አፌ ሥር ደቅናብኛለች። "እማማ፣ ዝም ብለው ያውሩ፣ ድምፅዎ ተቀድቶ አዲሳባ ለፍሬ ይደርሳል" ትለኛለች። ጉድ እኮ ነው። ድሮ እንዲህ ዓይነት ነገር ኖሮ ቢሆን አያትሽ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ድምፄን አዳምጦ ይተርፍ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ምን መሰለሽ? በኛ ጊዜ "ምን በላህ?" ብሎ ሰው የሚጠይቅ አልነበረም። ምን ይጠየቃል? ያንተም ቤት ከጓሮ የተቆፈረ ቦዬ ነው፣ የኔም ቤት ቦዬ ነው። "ከነማን ጋር በላህ?" ነበር ጥያቄው። ቦዬውን ቀቅሎ በሩን ዘግቶ የበላ ሰው ካለ፣ ሽታው አጥር ዘሎ ይወጣና ያሳብቅበታል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ልጁን ለመዳር ቢነሳ "የማን ልጅ ናት? የዚያ በር ዘግቶ በላተኛ?" እየተባለ ልጅቷ ቆማ ትቀራለች። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። ባይሞት እንኳ ትን ይለዋል። ትን ሲለው ጀርባውን ማን ይመታለታል?

እንግዲህ ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን ደወልሽልኝ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ "ምሳ በላሽ ወይ?" አልኩሽ።

"በላሁ እምዬ፣ ቻይኒዝ ዶሮ።"

"ማን ሠራልሽ?"

"አዝዤ ነው።"

ማንን ነው ያዘዝሽው? እኔ በዚህ ቤት እስክሸብት ድረስ አዝዤ አያትሽ አንድ ቀን ውሃ አላቀበለኝም። አንቺ በስልክ ስታዢ ዶሮ ከነወጡ በር ድረስ ይመጣል! "ሞተረኛ ነው የሚያመጣው፣ በካርቶን" አልሽኝ። "በካርቶን? እንደ ጫማ?" ስልሽ ሳቅሽ። ያንቺን ሳቅ መቼም አውቀዋለሁ፣ በስልክም ቢሆን ቤቱን ይሞላዋል። ኋላ "ከማን ጋር በላሽው?" ስልሽ ግን ሳቁ ቁርጥ አለ።

"ብቻዬን። ቢሮ፣ ኮምፒውተሩ ፊት።"

ኮምፒውተር ጉርሻ አያውቅም ፍሬዬ።

ይኼንንም ዋጥኩት። "ለአዲስ ዓመታችን ለጊፋታስ ትመጪያለሽ?" ብዬ ጠየቅሁሽ። "እናያለን እምዬ፣ ሥራ በዝቶብኛል" አልሽ። እናያለን! እኔ አፌን የፈታሁት በወላይትኛ ነው፣ አማርኛን የተማርኩት ገበያ ላይ ስከራከር ነው፤ "እናያለን" ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ናት። ከረባት ያሰረች "አይሆንም" ናት። አምናም "እናያለን" ብለሽኝ ነበር። አየን። ጎረቤቱን ሁሉ አየን፣ የሰው ልጅ ከነሻንጣው ከባጃጅ ሲወርድ አየን። አንቺን ነው ያላየን።

ለጊፋታ እኮ ከገሱባ በዚያ መንገድ እየተንገጫገጨ የሚመጣ አለ። አባቱን አኩርፎ የሄደ ሁሉ ታርቆ ይገባል። ዓመቱ የሚገባው ቤተሰቡ ባንድ ገበታ ዙሪያ ሲቀመጥ ነው፤ አንድ ቦታ ክፍት ሆኖ ከተቀመጥን አዲሱ ዓመት በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ የሚወጣ ነው የሚመስለኝ። አንቺና እኔ መሃል ባሕር የለም እኮ። አውቶብስ ነው ያለው። ጠዋት የተሳፈረ ከሰዓት በኋላ ሶዶ መናኸሪያ ወርዶ ዳሞታ ተራራን ቀና ብሎ እያየ ወገቡን ያፍታታል።

ስልኩን ዘጋሁና ቀናሁ። በሰው ሳይሆን በዶሮ ቀናሁ! ልጄን አጥግቦ ከቤቷ የሚያስቀራት ይኼ የካርቶን ዶሮ ምን ቢሆን ነው? ባላጋራዬን ልወቀው አልኩ። እሠራዋለሁ፣ እንደማይጣፍጥ የታወቀ ነው፤ ከዚያ ደውዬ "ለዚህ ብለሽ ነው ቤትሽን የተውሽ?" እላታለሁ፣ ታፍራለች፣ ትመጣለች። አየሽ ዕቅድ? ቀበሌ እንኳ እንዲህ አያቅድም።

ታዲያ አማረች ቻይኖቹ በሁምቦ በኩል መንገድ ሲሠሩ ካምፓቸው ውስጥ ወጥ ቤት ነበረች፣ ታውቂያለሽ። ሲሄዱ ለመታሰቢያ ብለው የጥቁር ሶስ ጠርሙስ ሰጧት። እሷ ደግሞ ጠርሙሱን ቡፌ ላይ ከሠርግ ብርጭቆዎቿ ጎን አቁማ፣ እንግዳ ሲመጣ "ውስኪ ነው፣ ባለቤቴ ስለማይጠጣ ነው" ትላለች።

"ኧረ እማማ! እሱን አይንገሩብኝ!"

ተቀዳ ልጄ። ወጥቷል አሁን።

ፍልሰታ የሚፈታ ዕለት አውራ ዶሮው ተያዘ። ያንን ዶሮ አታውቂውም፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ያደገው። ሲቆም ጥላው ግቢውን ያለብሰዋል። ሲጮህ ገሱባ ያሉ ሰዎች ለቅዳሴ ይነሳሉ።

"እማማ፣ መካከለኛ ዶሮ እኮ ነው የነበረው።"

የማን ድምፅ ነው የሚቀዳው? ያንቺ ነው የኔ? አዎ። ትልቅ ነበር። አያትሽ በስመ አብ ብሎ ባረከውና ካራውን ጠርጎ፣ ደጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን ወደ ኩሽና አዞረ። ፍልሰታን ሙሉ በሽሮና በጎመን የከረመ ሰው ነው፤ የቁሌት ሽታ ነው የሚጠብቀው። እኔ ደግሞ አልነገርኩትም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ፤ ባልን ሲያታልሉት ደጅ ያስቀምጡታል።

እኔ ዶሮውን በሎሚና በጨው አጠብኩ፣ ብልት ላወጣ ቢላዬን አነሳሁ። አማረች እጄን ያዘችኝ። "ብልት የለውም እማማ። ሥጋው ካጥንቱ ተለይቶ እንደ አደንጓሬ ነው የሚቆራረጠው።" እንደ አደንጓሬ! ዶሮ እኮ ድርሻ አለው። ፈረሰኛው ያያትሽ ነው፣ ከተጋባን ጀምሮ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። አንገቱ የኔ ነው፤ ስለምወደው መስሏቸዋል፣ አልወደውም፣ ግን ማንም ስለማይፎካከረኝ ተረጋግቼ እበላዋለሁ። መላላጫው ያንቺ ነው። ክንፍ ለሴት ልጅ አይሰጥም፣ በርራ ትሄዳለች ይሉ ነበር፤ አያትሽ ግን አልሰማ ብሎ በልጅነትሽ ክንፍ ያጎርስሽ ነበር። ይኸው እስከ አዲሳባ!

አማረች ፈረሰኛውን ይዛ ክትፍ፣ ክትፍ ስታደርገው ያገባሁት ሰው እየተከተፈ መሰለኝ።

ከዚያ "ነጭ ዱቄት ይለበሳል፣ ከበቆሎ የሚወጣ፣ ሲነኩት እንደ ፓውደር የሚልም" አለችኝ። ሳቄ መጣ። ቡላ ነዋ! እንሰት የሰጠንን ቡላ ትቼ በቆሎ ልጨምቅ? ቡላውን አለበስነው። "ዝንጅብል" አለች፤ ዝንጅብል ከጓሮዬ ነቀልኩ። ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ደረቅ ቃሪያ አለ፣ አቼቶ ከሱቅ መጣ። ቡላው የኛ፣ ዝንጅብሉ የኛ፣ ቃሪያው የኛ፣ ዶሮው የገሱባ ቀስቃሽ። ቻይና ያለችው ጠርሙሱ ውስጥ ብቻ ነው። በመጨረሻ "ስኳር" ስትለኝ ግን ደነገጥኩ። ዶሮው ሻይ ነው?

ዘይቱ ሲንጣጣ አያትሽ ከዘራውን ይዞ ገባ።

"ቁሌቱ የታል?"

"የለም።"

"እንቁላሉስ?"

"የለም።"

"ዶሮውስ?"

"ይኸው።"

ጎንበስ ብሎ ሳህኑን አየው፣ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየው። "ማን በልቶት ነው ይኼ የተረፈው?" አለ።

አማረች ከሳቋ ብዛት ጭልፋውን ጣለች። "ፈረሰኛዬስ?" ሲል ድምፁ የእውነት አሳዘነኝ። "ውስጡ አለ፣ ፈልገህ አግኝ" አልኩት። ጤፍ ውስጥ ቀለበት እንደጣለ ሰው አንድ በአንድ ያገላብጥ ጀመር። ይኼ ክንፍ ነው፣ ይኼ አይታወቅም፣ ይቺ ደግሞ ባዕድ ትመስላለች እያለ።

እኔ በሆዴ እጸልያለሁ፤ ጌታ ሆይ፣ አይጣፍጥ። ጎረስኩ።

ጣፈጠ።

ይቅር ይበለኝ፣ ጣፈጠ። ቡላው ጥርስ ሥር ቅርጭጭ ይላል፣ ከዚያ ጣፋጩ ይመጣል፣ ጣፋጩን ኮምጣጣው ያሯሩጠዋል፣ ዝንጅብሉ ደግሞ ከኋላ መጥቶ አፍንጫሽን ይቆነጥጣል። አያትሽ ፈረሰኛውን መፈለጉን ተወ፤ ያገኘው ሁሉ ፈረሰኛ ሆነለት። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል አይደል? እኔ ብልኋ ከሞኙ ጎን ቁጭ ብዬ ጣቴን እልሳለሁ።

ገበታው ሊነሳ ሲል እጄ ራሱ ሄዶ ትንሿን ባለ ክዳን ሳህን አነሳ። ይኼን ነግሬሽ አላውቅም። ከሄድሽ ጀምሮ ዶሮ በተሠራ ቁጥር መላላጫሽን አወጣና ክዳን ከድኜ አስቀምጠዋለሁ። አያትሽ "ልጅቷ አዲሳባ ናት እኮ" ይላል። "መንገድ ላይ ብትሆንስ?" እለዋለሁ። በማግስቱ የመጨረሻው አውቶብስ ሲገባና አንቺ ስትቀሪ አያትሽ "ስለ ፍሬ" ይልና እንደ ጠበል ጠዲቅ ከአማረች ጋር ለሦስት ተቆርሶ ይበላል።

ያን ዕለት ክዳኑን ይዤ ቀረሁ። ሳህኑ ባዶ ነበር።

"የፍሬስ?" አለ አያትሽ። እሱ ራሱ ነው የጠየቀው፣ ያ "ልጅቷ አዲሳባ ናት" የሚለው።

አማረች "ትንሽ ሶስ ቀርቷል" አለች ቀስ ብላ። ድርሻሽ ተበላ ፍሬዬ፣ ማን እንደበላውም አይታወቅም። መላላጫ ቢሆን ኖሮ ገበታው ላይ ቁጭ ብሎ "ባለቤቴ የታለች?" ይል ነበር። ይኼኛው አይጠይቅም። ከጣፋጭነቱ የተነሳ ሰው ጎድሎ እንደሆነ እንኳ ያስረሳል። ያኔ ገባኝ፤ እዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ከካርቶን ስትበዪ እኛ መጉደላችን በምን ይታወቅሽ? አልተቀየምኩሽም። እኔም እዚሁ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ እስክጠግብ ድረስ ረስቼሽ ነበር። እኔ፣ የቄሱን ማስነጠስ የማልረሳዋ!

አያትሽ በማግስቱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ያቺ የቻይናዋ መቼ ነው የምትደገመው?" "ፍሬ ስትመጣ" አልኩት። ከዚያ ወዲህ "ልጅቷን ተያት፣ ሥራ አላት" ሲል የኖረው ሰው መናኸሪያ አካባቢ መታየት ጀምሯል። ለመራመድ ነው ይላል። የናፈቀው አንቺን ይሁን ዶሮውን አልጠየቅሁትም፤ በዚህ ዕድሜ ሰውን እንዲህ ማስጨነቅ ነውር ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ለአንድ ጊዜ የሚሆን ሶስ ቀርቷል። አማረችም ከቡፌው ላይ አንስታ ሰጥታኛለች፤ ውስኪው አለቀ በሉ ብላለች። በጊፋታ ማግስት ሁለት ዶሮ ይታረዳል፤ አንዱ በብልት፣ አንዱ እንደ አደንጓሬ። እየመረጥሽ ትበያለሽ፣ ትን ቢልሽ ጀርባሽን የሚመታ ሦስት ሰው አለ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ደውዪልኝ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ ማታ። ሚስኮል አታድርጊብኝ፣ መልሼ መደወሉን አላውቅበትም፤ ባለፈው እንዲያ ስሞክር የማላውቀው ሰውዬ ጋ ገብቶ የልጆቹን ስም ሁሉ ነግሮኝ ተሰነባበትን። "እመጣለሁ" ልትዪ ከሆነ ባጭሩ በዪውና ካርድሽን ቆጥቢ። "አልመጣም" ልትዪ ከሆነም ደውዪ፤ ብቻ እስክትመጪ ድረስ ስልኩን አልዘጋውም።