ጣርማ በር ላይ የሚቆመው አውሮፕላኔ

ሥራ ሲከፋፈል ማየት ደስ ይላል፤ ሲሠራ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቦይ ለመቆፈር ስምንት ሰው ይመደባል፤ አንዱ ይቆፍራል፣ ሰባቱ አካፋቸውን ተደግፈው አቆፋፈሩን ይተቻሉ። ቢሮ ብትሄዱም ያው ነው፤ መስኮቱ ስምንት፣ ሰልፉ ግን አንዱ ላይ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያልን የምንተርተውን ያህል ብንሸካከም ኖሮ የት በደረስን! እኔ ታዲያ ይህን የእኛ ብቻ አመል አድርጌ አገሬን ሳማ ኖሬ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ኮምፒውተር ያንኑ ሲያደርግ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፋብኝ። ባለ አንድ መኝታ ቤት እንዴት ይሰፋል አትበሉኝ፤ ይሰፋል። ልጄ ዮናስ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ደግሞ ጭራሽ ሜዳ ሆነ። ልጁ አዝኖልኝ መሰለኝ ኮምፒውተሩን ትቶልኝ፣ አውሮፕላን የማብረር ጨዋታ ጭኖበት፣ «አባዬ፣ ጊዜ ያሳልፍልሃል» አለኝ።

እኔም በየእሑዱ ከቦሌ እየተነሳሁ ኮምቦልቻ ለማረፍ እበር ጀመር። ለማረፍ አልኩ እንጂ አርፌ አላውቅም። ጣርማ በር ገደል አፋፍ ላይ ስደርስ፣ ተራራው ሲበዛበት፣ ምስሉ ድርቅ ይላል። አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሲቆም አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእኔ ይቆማል።

አንድ እሑድ በሬን ለነፋስ ከፍቼ «አሁንም ቆመ!» እያልኩ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ፣ የአምስተኛ ፎቁ ጋሽ ሰይድ ከዙሁር ሶላት ሲመለሱ ሰሙኝ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባና አሰብ መካከል ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድተው ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸውና ባሏ ሱቅ ስለሚውሉ ቀን ቀን ብቻቸውን ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ የእኔና የእሳቸው ዝምድና «እንዴት ዋሉ?» «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነበር። አንገታቸውን አስግገው፣

«ምንድን ነው የቆመው?» አሉኝ።

«አውሮፕላን ነው፣ ጋሽ ሰይድ።»

«የት ላይ?»

«ጣርማ በር።»

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። «እሱን ዳገት ማን ሳይቆም ወጥቶት ያውቃል! አትነካካው፣ ይቀዝቅዝ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ኋላ እንደነገሩኝ የሹፌሮች ሕግ ነው። መንገድ ላይ የቆመ መኪና አይታለፍም፤ ትቆማለህ፣ ትጠይቃለህ፣ ያለህን ተካፍለህ ትበላለህ፣ እስኪነሳ ድረስ ሰውየውን ብቻውን አትተወውም። «በእኛ ጊዜ ወንድሙን አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ይኖር ይሆናል። የቆመ መኪና የሚያልፍ ሹፌር ግን አልነበረም።»

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ በሬ ላይ ሲደርሱ «ዛሬስ?» ይላሉ። «ቆሟል» እላለሁ። ይገባሉ። ሻይ አፈላለሁ። ስክሪኑ ላይ አውሮፕላኑ ገደሉ አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እሳቸው ፍሬን የተበጠሰባቸውን ቁልቁለት ይተርኩልኛል። እኔም ስለ ባለቤቴ የመጨረሻ ወራት ለሰው ያወራሁት ያኔ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ይህን ሁሉ በገዛ እጄ አበላሸሁት። ዮናስ ሲደውል «ጨዋታህ ይቆማል» ብዬ ስሞታ አቀረብኩለት። «አባዬ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ስምንት ኮር አለው» አለኝ። ኮር ማለት፣ እኔ እንደገባኝ፣ በማሽኑ ጭንቅላት ውስጥ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው። ጨዋታው የድሮ ስለሆነ ተራራውንም፣ ደመናውንም፣ ሞተሩንም አንዱ ላይ ቆልሎበታል፤ ሰባቱ እጃቸውን አጣጥፈው ያያሉ። ልጄ በስልክ እየመራኝ፣ የጨዋታው ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ተራራ የመሣሉን ሥራ ለሌሎቹ የምታካፍል አንዲት መስመር ጻፍኩ። ሁልጊዜ ስልክ ላይ ሁለት ደቂቃ የማይቆየው ልጅ ያን ቀን ግማሽ ሰዓት አወራኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ጣርማ በርን ሳይታወቀኝ አለፍኩት። ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ምንም የለም፤ ይሄዳል። ጋሽ ሰይድ መጡ።

«ዛሬስ?»

«ይሄዳል ጋሽ ሰይድ! ይምጡ ይዩት!»

ከደጃፉ ሆነው አዩ። ጫማቸውን አላወለቁም። «ማሻአላህ! በሰላም ግባ» አሉና ወደ ላይ ወጡ። በሁለተኛው እሑድም እንዲሁ። በሦስተኛው የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ነው መሰለኝ ጭራሽ አልጠየቁም። ለካ ለሚሄድ መኪና አይቆምም፤ ይህም ሕግ ነው። ኮምቦልቻ በሰላም አረፍኩ። አስፋልቱ፣ ማማው፣ ሁሉም አለ። የሚቀበለኝ ሰው ግን የለም፤ ጨዋታው ሰው አይሥልም። ሞተሩን አጠፋሁት። ከፋኝ፤ ምን እደብቃችኋለሁ!

«አንተ ሰውዬ፣ ይግቡ ሻይ እንጠጣ ማለት አቅቶህ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አቅቶኝ ነው። እኛ ዘንድ ጎረቤት የሚጠራው ወይ ቧንቧ ሲፈነዳ፣ ወይ ሰው ሲሞት ነው። ሽበት ያወጣ ሰው «ብቸኝነት በዛብኝ» ብሎ አምስተኛ ፎቅ ወጥቶ በር ያንኳኳል? እናንተ ታንኳኳላችሁ?

በአራተኛው እሑድ ያቺን መስመር አጠፋኋት። ጣርማ በር ስደርስ አውሮፕላኔ ቀጥ አለ፤ ደስ አለኝ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ጠበቅኩ። ከዘራቸው ደረጃው ላይ ሲያንኳኳ ስሰማ፣ ያዘነ ለመምሰል እየጣርኩ፣ «ኧረ ደግሞ ቆመብኝ!» አልኩ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እስከ ከሰዓት በኋላው የአሱር ሶላት ድረስ አወራን፤ ሻዩ ሁለት ጊዜ ተፈላ።

ሊወጡ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ቀና ብለው አዩኝ።

«ታደሰ፣ በራሱ የቆመን መኪናና ሹፌሩ ያቆመውን መኪና የማልለይ ይመስልሃል? ባቲ ላይ ጨዋታ ሲጥመኝ እኮ የናፍጣውን ቧንቧ ዘግቼ ‹ተበላሸ› ብዬ ስንቴ አድሬያለሁ!»

መሬት መሬት አየሁ።

«እኔም እኮ» አሉ ከዘራቸውን እያነሱ፣ «ያን ሦስት እሑድ፣ ቢቆምለት ብዬ በርህ ጋ ስደርስ አዘግም ነበር።»

ደረጃውን ጀመሩ። ትንሽ እንደወጡ ቆም ብለው ወደ ታች ተመለከቱኝ።

«ቅዳሜ ከሰዓትም ብታበላሸው ቤት ነኝ።»