ሰርተፊኬቴን የጣለው ግድግዳ

የተማረ ሰውና ጭቃ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በደንብ ካልተረገጡ ለግድግዳ አይሆኑም። ይህን የምላችሁ የተማረ ሰው ጠልቼ አይደለም። እኔ ራሴ አርክቴክት ነኝ። ሰፈሬ ግን "ኢንጂነር" ነው የሚለኝ፤ ልዩነቱን ለማስረዳት ሞክሬ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ባለፈው ወር የደረሰብኝን ከሰማችሁ በኋላ ኢንጂነርነቱንም ሳትነጥቁኝ አትቀሩም።

ነገሩ የጀመረው በሥልጠና ነው። ባለሙያ ትምህርቱን ካላደሰ ይዝጋል ተብሎ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ዘመን የቆጠርነውን አርክቴክቶች ቦሌ አንድ ሆቴል ሰብስበው ስለ ግንባታ ዕቃና ስለ ዘላቂ ዲዛይን ሦስት ቀን አስተማሩን። አዳራሹ ዙሪያውን መስታወት ነው። አሠልጣኛችን በስላይድ እያሳዩ መስታወት ለአዲስ አበባ ፀሐይ እንደማይሆን ሲያስረዱ፣ እኛ ኮታችንን አውልቀን በማስታወሻ ደብተራችን እያራገብን እንሰማለን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከልቤ የተቀበልኩት ትምህርት የለም።

በሁለተኛው ቀን አፈር አስቀመሱን። እውነቴን ነው! አፈሩ አሸዋ ይብዛበት ጭቃ ይብዛበት ለማወቅ አንዱ መንገድ በጥርስ መሞከር ነው አሉ። ክራቫት ያሰረ አርክቴክት ሁሉ ተሰልፎ አፈር ሲያኝክ ብታዩት... አጠገቤ የነበረው ወዳጄ ጨው አንሶታል ብሎ ተፋው። እኔ ግን ዋጥኩት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጭቃ ሰው ሆንኩ። ጭቃ በብርድ እንደሚያሞቅ፣ በሙቀት እንደሚያቀዘቅዝ፣ ከግቢያችን እንደሚቆፈርና ከባሕር ማዶ እንደማይመጣ ሁሉ ተማርኩ። በደብተሬም ላይ በትልቁ "በጭቃ ላይ ሲሚንቶ አይለሰንም፤ አይያያዙም" ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ይህችን ያዙልኝ።

ሦስተኛው ቀን ማታ ሰርተፊኬቴን ይዤ ስመለስ በልቤ ያለው አንድ ሰው ነበር፤ ሐጂ ሰይድ። ሐጂ ከወሎ መጥተው በጨርቅ ንግድ የከበሩ፣ ሲኤምሲ አጠገብ ቦታ ያገኙና ቪላ እንድሠራላቸው ያዘዙኝ ሰው ናቸው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በገዛ ፈቃዴ ከለቀቅኩ ወዲህ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው። ስለቅ አለቃዬ "ትመለሳለህ" ብሎኝ ነበር። ሐጂ ካመለጡኝ አለቃዬ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ያ ሰውዬ ትክክል ከሚሆን አፈር ብቅም እመርጣለሁ፤ ለምጄዋለሁም።

ታዲያ ብልህ ሰው ቢሆን ቀድሞ የሳለላቸውን፣ ሐጂም የወደዱትን የመስታወት ቪላ ንድፍ ይዞ ዝም አይልም? እኔ ቀደድኩት። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ቁጭ ብዬ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው አዲስ ቤት ስዬ፣ ሐሙስ እንደ ልማዳችን ቦሌ ኬክ ቤት ተገናኘን። ሐጂ ወረቀቱን አዩት፣ ገለበጡት፣ መነጽራቸውን አውልቀው እኔን አዩኝ።

"ኢንጂነር፣ ከጭቃ ቤት ለመውጣት ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል። አንተ በሦስት ቀን ልትመልሰኝ ነው?"

የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ግድግዳ እንደሚተነፍስ ስነግራቸው ሻያቸውን አስቀመጡ። ሲቸግራቸው፣ ወላሂ ሥዕል አላምንም፣ የቆመ ቤት አሳየኝ፣ ገብቼ የምቀመጥበት፣ አሉ። የቆመ የጭቃ ቤት! አሠልጣኛችን ያሳዩን ሁሉ በስላይድ ነው፤ እሱም የሰው አገር ነው። ጨነቀኝ። ሐጂ ወረቀቱን እየጠቀለሉ መሆኑን ሳይ ከአፌ አመለጠኝ።

"የኔን ቤት ይዩታ! እሁድ ይምጡ።"

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ሐጂ የት እንደምኖር ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ "እዚሁ ቦሌ" ነበር የምላቸው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች፤ ቤቴ ገርጂ ነው፣ ከታክሲ ወርዶ ሩብ ሰዓት በእግር፣ እትዬ ደስታ የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ የተከራየኋት የጭቃ ቤት። ቦሌ ኬክ ቤት ደንበኛ የማገኘው ኬክ ወድጄ አይደለም፤ ቤቴን አፍሬበት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጭቃን ሳወድስ የከረምኩት ሰውዬ፣ የምኖረው ጭቃ ውስጥ እንደሆነ ትዝ ያለኝ ያን ሐሙስ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ቤት ስገባ ግድግዳውን እንደ አዲስ አየሁት። ቡናማ ነው፤ ጭዱ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። ይህን አይተው ሐጂ ይሸሻሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ታላቅ ሐሳብ መጣልኝ፤ የሳሎኑን ግድግዳ በሲሚንቶ ልለስነው! ጭቃ መሆኑ እንዳይታወቅ አድርጌ፣ ጭቃ መሆኑን ላሳያቸው። ደግማችሁ አታንብቡት፤ ስትደግሙት ይብሳል።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ አሸዋና ሲሚንቶ ስደባልቅ አይታ ገባችና ደብተሬን ይዛ ወጣች። በትልቁ የጻፍኩትን፣ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበትን፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። እሱ ለሌላ ሰው ነው አልኳት። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብላ ደብተሩን ዘጋችው። እትዬ ደስታ ደግሞ በራቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ሲያዩኝ ቆይተው "ልጄ፣ ግድግዳው ምን በደለህ?" አሉኝ። እኔ መለሰኑን ቀጠልኩ። ሲያልቅ፣ ብታዩት፣ ልሙጥ ነው፤ ብሎኬት ነው ብሎ የማይምል የለም። ሰርተፊኬቴን በፍሬም አድርጌ መሐል ላይ ሰቀልኩት።

እሁድ በስድስት ሰዓት፣ በመጋቢት ፀሐይ፣ ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አድርገው መኪናቸውን መንገድ ዳር ትተው ላባቸውን እየጠረጉ በእግር መጡ። ገቡና ተቀመጡ። መጀመሪያ ያሉት "ቀዝቀዝ ያለ ነው" ነበር። ልቤ ዘለለ። ጥሩወርቅ ሻይ አቀረበች። እኔ ተነሣሁ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ... ሰው ግን የቆጡን አወርድ ሲል ነው የብብቱን የሚጥለው።

"ሐጂ፣ ይህ ግድግዳ ጭቃ ነው ቢባሉ ያምናሉ?" አልኩና ግድግዳውን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩት።

የተሰማው ድምፅ የግድግዳ ድምፅ አልነበረም፤ ባዶ ጣሳ የሚመታ ነው የሚመስለው። ከኮርኒሱ ሥር አንዲት ስንጥቅ ተነሥታ ወደ ታች ወረደች፤ እኔም በዓይኔ አብሬያት ወረድኩ። ከዚያ ልስኑ እንደ ደረቀ ቂጣ በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ፣ ሰርተፊኬቴን ይዞ፣ ከሐጂ ጎን ሶፋው ላይ ተንጋለለ። አቧራው ሻዩን ሞላው። የሐጂ ቆብ ግራጫ ሆነ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ አለቃዬን በሩ ላይ ቆሞ ሲስቅ ያየሁት መሰለኝ።

ሐጂ ተነሡ። ይሄዳሉ ስል ወደ ግድግዳው ሄዱ። ልስኑ የለቀቀው ቦታ ላይ እጃቸውን አስደገፉ፣ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ጭቃው አልተነካም። እኔ ምስማር ሳልል፣ ሲሚንቶ ሳልል፣ እሱ እንዳለ ነው።

"ይሄን ማን ነው የመረገው?" አሉ።

እትዬ ደስታ ድምፁን ሰምተው በሩ ላይ ደርሰው ኖሯል። እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ ማገሩን ሲያስር እኔ ጭቃውን፣ ይሄ ልጅ ሳይወለድ ነው፣ አሉ፤ በአገጫቸው እያመለከቱኝ። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እንደሚያድሱትም ጨመሩ። ከዚያ ሁለቱ ስለ ጭድ ያወሩ ጀመር። የጤፍ ነው ወይስ የስንዴ? ጭቃው ስንት ቀን ይቦካል? እስኪሸት ነው? እስኪሸት ነዋ፣ ካልሸተተ ምኑን ጭቃ ሆነ! እኔና ጥሩወርቅ የሲሚንቶ ስብርባሪ ስንለቅም ማንም አላየንም።

በመጨረሻ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

"የእናቴ ቤት እንዲህ ነበር። ለካ ሠላሳ ዓመት የሸሸሁት ግድግዳውን አይደለም፤ ጣሪያው ነው ያፈስብን የነበረው። በል፣ ቤቱን ሥራው። ግድግዳውን እሳቸው ያሠሩልኛል፤ አንተ ጣሪያዬ እንዳያፈስ አድርግልኝ።"

እንዲህ ሆኖ ሥራዬ ተረፈ። ሐጂም እትዬ ደስታን ጭቃ ሹም አድርገው ሾሙብኝ። ሲኤምሲ ሳይቱ ላይ አሁን ትልቅ የጭቃ ጉድጓድ አለ፤ ጎረቤቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ። ባለፈው ሥዕሌን ዘርግቼ ለሠራተኞቹ ሳብራራ እትዬ ደስታ እስክጨርስ ጠበቁኝና፣ ጫማህን አውልቅና ግባ አሉኝ። ገባሁ። ረገጥኩ። ጉልበቴ ድረስ ነው።

ሰርተፊኬቱን ትናንት መልሼ ሰቀልኩት፤ በዚያው ቦታ፣ በጭቃው ላይ። ምስማሩን የመቱልኝ እትዬ ደስታ ናቸው፤ ማገሩ የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸዋ። መትተው ሲጨርሱ ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ስለ ጭቃ የተማርኩበት ማስረጃ ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ አልኳቸው ኮራ ብዬ።

እትዬ ደስታ ወረቀቱን አዩት፤ ከዚያም በሐዘኔታ እኔን አዩኝ።

"ሦስት ቀን? ልጄ፣ ጭቃው ራሱ እኮ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል።"