ክምሩ እስኪበርድ

መጠበቅ የሚሉት ነገር ከመካከላችን ከወጣ ሰነበተ። ሻይ እናዝና አስተናጋጁ ጀርባውን ሳያዞር «የት ደረሰ?» እንላለን። የላክንለት መልእክት ሳይመለስ አንድ ደቂቃ ካለፈ፣ ሰውየው ወይ ተቀይሞናል ወይ ሞቷል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እየተባልን ያደግን ሰዎች፣ ዛሬ እንቁላሉን በባጃጅ ካልሰደድነው እንቅልፍ የለንም። እናንተን አላውቅም፤ እኔ ግን ከችኩሎቹ ፊት ቀዳሚው ነኝ።

ይህ አመሌ ያዋረደኝ አማቴ ዘንድ ነው። አያ ፈንታ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ይኖራሉ። ከአምስት ዓመት በፊት ማሳቸው ላይ ዲከረንስ ተከሉ፤ የእኛ አገር ገበሬ ለከሰል የሚተክለው ዛፍ ነው። ዘንድሮ ዛፉ ደረሰ፣ ተቆረጠ፣ ተከመረ፣ ሣርና አፈር ለበሰና ከውስጥ እሳት ተለኮሰበት። የሣር ክዳን ቤታቸው ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል፤ ከሰሉ ተሽጦ ቆርቆሮ ሊያለብሱት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቆርቆሮ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ዝናብ ሲመታው እንዴት እንደሚንኳኳ፣ ያን ጊዜ ነገረኛው ጎረቤታቸው ሲያወራ እንዴት እንደማይሰማቸው ሳይቀር ነግረውኛል። ቆርቆሮው ገና ሱቅ ነው፤ እሳቸው ግን ሥሩ መኖር ጀምረዋል።

ክምሩ እየጨሰ ሳለ ጥሊሊ ዘመድ ሞተባቸውና ለቅሶ ሄዱ። እኔ የዓመት ዕረፍት ላይ ስለነበርኩ ጥበቃው ለእኔ ተሰጠ። ሲወጡ መዳፋቸውን አፈሩ ላይ ለጥቂት ጊዜ አሳረፉና፣ ከተሰነጠቀ ድፈነው፣ ጢሱ ቢጠፋም ግን እንዳትነካው፣ ሐሙስ መጥቼ እኔው እከፍተዋለሁ አሉኝ። ሥራው ምንም አለማድረግ ነበር። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የከበደ ሥራ አልተፈጠረም።

ሰኞ ክምሩን ስዞር ዋልኩ። ማክሰኞ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ። ረቡዕ ጠዋት ጢሱ ጠፋ። ታዲያ ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል? ባለቤቴም ኔትወርክ ባገኘሁ ቁጥር «ከሰሉ ደረሰ?» ትለኛለች። ፎቶ ልላክላት አልኩና የክምሩን ጎን በአካፋ ገለጥ አደረግሁት። ትንሽ ብቻ፣ ዓይን የምታሾልክ ቀዳዳ ያህል።

ነፋሱም በዚያችው ገባ። የተዳፈነው ፍም ቦግ ብሎ ነደደ። አፈር ስደፋ፣ ስጮህ፣ ጎረቤቶች መጥተው በአገውኛ እየተቆጡ (ምን እንዳሉኝ ስላልገባኝ አምላኬን አመሰግናለሁ) እስኪያጠፉት ድረስ ግማሹ አመድ ሆነ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። አመድ ግን አይለቀምም።

ሐሙስ አያ ፈንታ መጡ። አመዱን አዩ፣ ክምሩን አንድ ጊዜ ዞሩት፣ ከተረፈው አንድ ከሰል አንስተው በጥፍራቸው መትተው አዳመጡት። እንዲያ አፍሬ አላውቅም። የያዘኝም ችኮላ ገና አልለቀቀኝም ነበርና፣ «አባቴ፣ ቆርቆሮውን እኔ እገዛለሁ፤ ነገውኑ ከእንጅባራ አስጭኜ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ከጥሊሊ ሚኒባሱን ትቼ በእግሬ የመጣሁት ለምን ይመስልሃል?» አሉኝ። «መንገዱን ሙሉ ክምሩን በሐሳቤ ስከፍተው ነበር። እሱን በምን ትክሰኛለህ?»



የተረፈው ከሰል ለቤቱ ግማሽ ክዳን በቃ። ለሌላው ግማሽ ክረምት ሲገባ አዲስ ችግኝ ተከሉ፤ አንዱን መስመር እኔ እንድተክል ፈቀዱልኝ። አምስት ዓመት ጠብቅ ተብያለሁ። እስካሁን ሦስት ጊዜ በሚኒባስ ሄጄ ችግኞቹን ለክቻቸዋለሁ፤ ጉልበቴ ጋ አልደረሱም። ባለፈው እሁድ ግን እንደ አማቴ ልሞክረው ብዬ ከእንጅባራ በእግሬ ተነሳሁ። እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ ዛፎቹ በጣም አድገው ነበር። ከዚያ ባጃጅ ያዝኩ።