አባባ እጅ ላይ ያሰርኩት ሰዓት

ዛሬ የአያቶቼን ትዳር ላፈርሰው ነበር። በራሴ ኮምፒውተር! እስኪ መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ትስቃላችሁ።

ሮቤ ያላችሁ አባባን ታውቋቸዋላችሁ። አያቴ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ ጎባ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። የባሌ አቤቱታ ግማሹ በእሳቸው እጅ አልፏል ይባላል። (የሚሉት ራሳቸው ናቸው።)

ክረምት ላይ ስትሮክ መታቸው። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ምላሳቸውም ተሳሰረ።

ቀኝ እጃቸው ግን አያርፍም። ብርድ ልብሱ ላይ ይሄዳል፣ ጫን ይላል፣ ዞር ይላል፣ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ!

«እየጻፉ ነው» አሉ እማማ። ሚስታቸው ናቸው፣ የሲናና አገር ልጅ። «ለእኔ የሚሉት ነገር አለ። ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ አንብብልኝ።»

የተማርኩት ከኢንተርኔት ነው። ግጥሙንም፣ ኮዱንም። ግን እማማን እምቢ የሚል ማን አለ?

ስለዚህ የእጅ እንቅስቃሴን ወደ ፊደል የሚቀይር ሞዴል ሠራሁ። ሴንሰር ያለው ሰዓት እጅ ላይ ይታሰራል፤ እጁ ሲንቀሳቀስ ኮምፒውተሩ ምን እየተጻፈ እንደሆነ ይገምታል። ለማሰልጠን ግን ዳታ ያስፈልጋል። ብዙ ዳታ! ሰዓቱን እኔው አስሬ ስጽፍ ከረምኩ።

ምን ጻፍክ አትሉኝም?

የራሴን ግጥም ነዋ! ገጣሚ ሌላ ምን ይጽፋል?

ዛሬ ቀኑ ደረሰ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የአባባን ደም ግፊት ልትለካ የምትመጣዋ ነርስ ጫልቱም «እኔም ልየው» ብላ ቆመች። (ጫልቱን ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ ካልኳት ቆይቻለሁ።)

ሰዓቱን አሰርኩ። የአባባ እጅ ተንቀሳቀሰ።

ስክሪኑ ላይ ፊደል መጣ!

እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ጫልቱ መርፌ ወጊ፣ ክንዴን ተይውና፣
ያመመኝ ልቤ ነው፣ እዚያ ውጊኝ ነይና።»

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው የነቃሁት።



እማማ ወደ ነርሷ ዞሩ። «ይቺ ጫልቱ?»

«ወላሂ እማማ፣ እኔ የለሁበትም!»

እማማ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወደ አባባ ጎንበስ ብለው በቀስታ «አንቱ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ስጠብቅ፣ የቀረዎት ቃል ይኸው ነው?» አሉ።

እዚህ ላይ ተናዘዝኩ። ግጥሙ የእኔ ነው! ሞዴሉ ከእኔ ግጥም ሌላ አያውቅም፤ «አላውቅም» ማለትንም አላስተማርኩትም። የዲንሾ ፈረስ ጭራ ላይ ብናስረውም ጫልቱን ነው የሚጠራው!

ጫልቱ ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

እማማ ግን እየሰሙኝ አልነበረም። የአባባን እጅ ነበር የሚያዩት። ስክሪኑን ትተው፣ እጁን ብቻ።

«ፊደል አይደለም» አሉ። «ጣት እያስፈረሙ ነው!»

ያኔ መጻፍ የማይችል ባለጉዳይ የሚፈርመው በጣቱ ነበር። አባባ አውራ ጣቱን ይይዙና ቀለም ያስነኩታል፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫን አድርገው ያንከባልሉታል። እማማም ልጃገረድ ሳሉ በአባታቸው የመሬት ጉዳይ ጎባ ሄደው እንዲሁ ፈርመዋል። የተዋወቁት እዚያ ነው።

እማማ አውራ ጣታቸውን አባባ እጅ ውስጥ አስገቡ።

አባባ ያዙት። ብርድ ልብሱ ላይ ጫኑት፣ አንከባለሉት። ከዚያ በጋቢያቸው ጫፍ፣ ቀስ ብለው፣ ጠረጉት።

እጃቸው አረፈ። ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ!

«ያኔ ሌላውን ሁሉ ‹ቀለሙን ግድግዳው ላይ ጥረግ› ነበር የሚሉት» አሉ እማማ፣ እየሳቁ እያለቀሱ። «የእኔን ብቻ በመሐረባቸው።»

ሰዓቱን ቀስ ብዬ ፈታሁት። ማን ያየኛል?

ጫልቱ ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ «ሁለተኛው ስንኝ ይሻላል» አለችኝ። ይህ ምን ማለት ነው? የሚገባችሁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ! ሞዴሌን ልጠይቀው አልችልም፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

ሁሉም ሲወጣ እኔም አውራ ጣቴን ለአባባ ሰጠኋቸው። ያዙት። ጫኑት። አንከባለሉት።

ለቀቁት።

አልጠረጉልኝም!

ይኸው ግድግዳ እየፈለግኩ ነው።