ፒዛ ያልደረሳት ልጅ

[ውጭ አገር፣ ዋይት ሲቲ የሚባል ሰፈር፣ አውቶቡስ ማቆሚያ። ዓለምሰገድና ካሳዬ ጎረቤታሞች ናቸው። ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ለመጨረሻው ፈተና ሁለት ወር ቀርቷቸዋል። ካሳዬ እዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነው።]

ዓለምሰገድ፦ ደግሞ በፒዛ ይኮራል እንዴ? ልጅህን ቅዳሜ ቅዳሜ በፒዛ እያባበሉ ሂሳብ የሚያስጠኑት ስለማይገባው ነው።

ካሳዬ፦ አልኮራሁም። ልጅህን ሶልያናን ለምን አልጠሯትም ብዬ ነው።

ዓለምሰገድ፦ ጎበዝ ልጅ ጥናት ምን ያደርግላታል? ዳይሬክተሩ ብልህ ሰው ነው፤ የታመመውን ያክማል፣ ጤነኛውን ይተዋል።

ካሳዬ፦ የቤት ሥራስ ይሰጧታል?

ዓለምሰገድ፦ ከገና ወዲህ አልሰጧትም። ተማምነውባት ነው።

ካሳዬ፦ የሂሳብ አስተማሪዋን ወደ ልጄ ክፍል አዛውረውታል። እሷን ማን ያስተምራታል?

ዓለምሰገድ፦ ማንም። ፊልም ያያሉ። እዚህ አገር ጎበዝ ተማሪ አይጨናነቅም። አንተ ሽንት ቤት ስትፈትግ እየዋልክ ሲስተሙን ከየት ታውቀዋለህ?

ካሳዬ፦ እውነትህን ነው። ትምህርት ቤቱን የሚገመግሙት ኢንስፔክተሮች የመጡ ዕለትስ?

ዓለምሰገድ፦ [ደረቱን ነፍቶ] የዛን ዕለትማ ሸለሟት። አሥራ አምስት ልጆች መርጠው ባተርሲ መናፈሻ ወሰዷቸው፤ አይስክሬም ሳይቀር። ያንተ ምስኪን ክፍል ተቀምጦ ሲጠየቅ ዋለ።

ካሳዬ፦ ዓለሜ፣ የዳይሬክተሩን ቢሮ የማጸዳው እኔ ነኝ።

ዓለምሰገድ፦ እንኳን ደስ አለህ።

ካሳዬ፦ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ። የልጆቹ ፎቶ በሦስት ቀለም ተለይቶ ተሰክቷል። አረንጓዴው የሚያልፉት ናቸው። ቢጫው ትንሽ ቢገፉ የሚያልፉት፤ ፒዛውም አስተማሪውም ለነሱ ነው።

ዓለምሰገድ፦ ይኸው፣ ሶልያና አረንጓዴ ናት።

ካሳዬ፦ ቀይም አለ። «እነዚህን ብናስተምርም የሚያልፉልንን ተማሪዎች ቁጥር አይጨምሩልንም፤ ቁጥሩ ካልጨመረ ደግሞ እኔን ያባርሩኛል። ኢንስፔክተር እንዳያያቸው» ሲል ዳይሬክተሩን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። በጽዳት ሠራተኛ ፊት የማይወራ የለም።

ዓለምሰገድ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] የሶልያና ፎቶ የት ነው?

ካሳዬ፦ ቀዩ ላይ። ከልጄ ጎን ነበረች።

ዓለምሰገድ፦ ያንተ ልጅ ቢጫ አይደለም እንዴ?

ካሳዬ፦ ጥር ላይ ሰሌዳውን ስወለውል ፎቶው ወደቀ። አንሥቼ ቢጫው ላይ ሰካሁት። በሳምንቱ የፒዛው ደብዳቤ ቤት መጣ። አስተማሪ ሲያገኝ ልጁም ይገባዋል ለካ፤ ባለፈው የሙከራ ፈተና አለፈ።

ዓለምሰገድ፦ የልጄንም አብረህ ብታነሣው ምን ነበረበት?

ካሳዬ፦ ያን ሰሞን ሶልያናም ቅዳሜ ጥናት ብትገባስ ብዬ ጠይቄህ ነበር። «ልጄን ከሰነፍ ጋር አታደባልቅብኝ» አልከኝ።

[አውቶቡሱ ይመጣል። ዓለምሰገድ ከቆመበት አይነቃነቅም።]

ዓለምሰገድ፦ ካስዬ፣ ሰኞ ሰሌዳውን ትወለውላለህ?

ካሳዬ፦ እወለውላለሁ። ሰው ከጠየቀህ ግን፣ ፒዛውን ለሽልማት ነው የሰጧት በል።