በዐቢይ ጾም የሚሳብ ዱቄት

ሰው ከመድኃኒት ጋር የሚመጣውን ወረቀት የማያነብበት ምክንያት አለው፤ ቢያነበው ኖሮ መድኃኒት የሚወስድ አይገኝም ነበር። እኔ ግን አነባለሁ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ወደ ስዊዘርላንድ መጥቼ፣ ዙሪክ አጠገብ ኦፕፊኮን ባለ ሆቴል አንሶላ ከመቁጠር ተነሥቼ የራሴን የጽዳት ድርጅት ያቆምኩ ጡረተኛ ነኝ። ቆጥሬ ያልተረከብኩት ነገር ቤቴ አይገባም። አሁን ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ ብቻዬን እኖራለሁ። ከበሬ እስከ ሐይቁ ስድስት መቶ አሥር እርምጃ ነው፤ ሳንባዬ ጤነኛ ሳለ አምስት መቶ ሰማንያ ነበር።

ከጾሙ አጋማሽ ትንሽ ቀደም ብሎ ሐኪሜ ሲጋራ ለጎዳው ሳንባዬ በቀን አንዴ በትንሽ መሣሪያ በአፍ የሚሳብ ዱቄት አዘዘችልኝ። አንዴ ከሳቡት ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ትንፋሽ ድንገት ሲያጥር ሌላ ሰማያዊ መንፊያ አለ፤ ዱቄቱ ግን ለድንገተኛ አይሆንም፣ በቀን ከአንድ በላይም አይሳብም ብላ ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። መሣሪያው የቀረውን የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለችው፤ ከሠላሳ ወደ ታች ትቆጥራለች። የሚቆጥር መድኃኒት! ወዲያው ወደድኩት።

ስምንት ቀን ሳብኩ፤ መራመድም ቀለለኝ። በዘጠነኛው ቀን ወረቀቱን ዘረጋሁ። ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ድምፅ ያጎረንናል፣ ካልተጉመጠመጡ አፍ ያቆስላል፤ ሃያ ሰባት ጉዳት ቆጠርኩ፣ አንዱም አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው፦ ዱቄቱ የወተት ስኳር አለበት። ወተት! በዐቢይ ጾም! ስምንት ቀን በሳንባዬ ስገድፍ ከርሜያለሁ ማለት ነው።

ሐኪሟን ብጠይቅ ስለ ጾም ምን ታውቃለች? የንስሐ አባቴን ብጠይቅ ስለ ሳንባ ምን ያውቃሉ? ስለዚህ ከሁለቱም ያነሰ የሚያውቀውን ሰው፣ ራሴን ጠየቅኩ። እስከ ፋሲካ ይቁም ብዬ ወሰንኩ።

ችግሩ ልጄ ሰላማዊት ናት። ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን የሚባል ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ብቻዬን መኖሬ አይዋጥላትም። «አባዬ፣ ለሆሳዕና ትመጣለህ። ደረጃውን ሳታርፍ ከወጣህ ቨርሷ ኑር። ካረፍክ ግን ቤቱን ለቀህ እኔ ጋ ትገባለህ» ብላ ቆርጣለች። በየቀኑ ትደውላለች። «ሳብክ?» «ሳብኩ።» የምስበው አየር ነበር፤ እሱንም በመከራ።

ሆሳዕና ደረሰ። ዙሪክ ካስቀደስን በኋላ የንስሐ አባቴም ምሳ ተጋብዘው አብረውን መጡ። ደረጃው ስልሳ አራት ነው። ሃያ ሁለተኛው ላይ ግድግዳውን ማድነቅ ጀመርኩ። አርባኛው ላይ የጫማዬን ማሰሪያ ላስር ጎንበስ አልኩ፤ ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። አምሳ አንደኛው ላይ ተቀመጥኩና ሰማያዊውን መንፊያ አወጣሁ።

ሰላማዊት ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ለማስመሰል ኪሴ ይዤው የመጣሁትን ዱቄት አውጥታ መስኮቷን አየች። «ሃያ ሁለት ይላል! ዛሬ ሁለት ማለት ነበረበት» አለች። መቁጠር ማን አስተማራት? እኔው። የወተቱን ነገር አወጣሁ። «በቃ ሃያውን አሁኑኑ ልሳበውና ይስተካከል» ብላት «ልብህን ልታቆመው ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ለካ ይህ መድኃኒት ማካካሻ አያውቅም፤ ያለፈው አልፏል፣ ነገም አንድ ብቻ ነው።

የንስሐ አባቴ ከላይ ሆነው ሰምተዋል። «አቶ በላቸው፣ መድኃኒት ምግብ ነው እንዴ? ለመጠየቅ ስልክ አልነበረዎትም?» አሉ። «ለመሆኑ ‹ሳብኩ› ያሉት ስንት ቀን ነው?»

«ሃያ።»

«ወተቱን ጾመው ውሸቱን በልተዋል። ሃያ ስግደት።»

ሰላማዊት «አባ፣ በዚህ ትንፋሽ ሁለትም አይሰግድ!» አለች።

«አሁን ማን አለ? ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው። እስከዚያ ዱቄቱን ይሳቡ።» ሰላማዊትም የቨርሷን ነገር ለዚያው ቀን ቀጠረችው፦ ሃያውን ከሰገድኩ ቤቴ ለእኔ፣ ካቃተኝ ወደ እሷ። በየጠዋቱም የመስኮቷን ፎቶ ለሁለቱም እንድልክ ተስማማን።

ሰኞ ሃያ አንድ፣ ማክሰኞ ሃያ፣ ረቡዕ አሥራ ዘጠኝ፣ ሐሙስ አሥራ ስምንት ላክሁ። ዓርብ ግን ስቅለት ነው። ስቅለትን ያህል ቀን በወተት? አንድ ቀን ምን አላት ብዬ፣ የሐሙሱን ፎቶ ደግሜ ላክሁ። ሰላማዊት አላስተዋለችም።

ቅዳሜ ጠዋት ከንስሐ አባቴ መልእክት ገባ፦ «አሥራ ስምንትን ሐሙስ አይቻታለሁ። ሃያ አንድ ስግደት።»