አቤት ያላልንባት ቀትር

«በጸሎት ላይ ያለ ሰው አይጠራም፤ ቢጠራም አይዞርም» ይል ነበር አባቴ። ይህን ሳይል የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዳዊቱን ይዞ ከቆመ ከብት ማሽላው ውስጥ ቢገባ፣ እንግዳ ከደጅ ቢቆም፣ ዘወር አይልም። ከአባቴ የወረስሁት ብዙ ነገር የለም፤ መሬቱን ወንድሞቼ ተካፈሉት፣ በሬውም አርጅቶ ነበር። ይህችን ንግግሩን ግን ሙሉዋን ወሰድኋት። ማንም አልተሻማኝም።

እናንተስ ስትጠሩ ትሰማላችሁ? አይምሰላችሁ። ሰው ሁሉ የሆነ ሰዓት ላይ ጆሮውን ይዘጋል። አንዱ ሲበላ፣ አንዱ በስልኩ ሲያወራ፣ አንዱ ደግሞ ከተሾመበት ቀን ጀምሮ። እኔ የምዘጋው ለእግዚአብሔር ብዬ ስለሆነ ጽድቅ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ በስተርጅና ነው፤ ያስተማረኝም ቄስ አይደለም፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ናት።

ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብላ ባለች መንደር የውሃ ፓምፕ ጠባቂ ነኝ። ጉድጓዳችን አንድ ነው። ክረምት ላይ ደግ ነው፤ መጋቢት ገብቶ ሙቀቱ ድንጋዩን መጥበስ ሲጀምር ግን ውሃው ከፓምፑ ቱቦ በታች ይወርዳል። ፓምፕ ያለ ውሃ ከዞረ ይቃጠላል። የእኔ ሥራ ውሃው ሲያልቅ ማጥፋት ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

የዛሬ ዓመት በሁዳዴ፣ ቀትር ላይ፣ ዳዊት እየደገምሁ ሳለ ውሃው አለቀ። ጀሪካኗን ይዛ ተራ የምትጠብቅ ዝናሽ የምትባል ጎረቤቴ «አያ ሞላ! ኧረ አየር እየተፋ ነው!» እያለች ጮኸች። ሰማኋት። አልዞርሁም። መዝሙሩን ጨርሼ ስዞር ሞተሩ አልቆለት ነበር። መንደሩ በጋውን ሙሉ የጓንግን ወንዝ አሸዋ እየጫረ ጠጣ። ማንም አልሰደበኝም፤ ጸሎት ላይ የነበረን ሰው ማን ደፍሮ ይሰድባል? ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ሞተር እስኪመጣ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሲመጣ ልጄ ማስተዋል፣ ኤሌክትሪክ ተምራ ተመርቃ ሥራ አጥታ ቤት የተቀመጠችው፣ «አባየ፣ ይኼኛውን እንኳ እኔ ላስጠብቅልዎ» አለችኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ተንሳፋፊ ታንጠለጥላለች፤ ውሃው ሲወርድ ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ ሽቦው ለቦርዷ ይነግራል፣ ቦርዷ ሞተሩን ታጠፋለች። ለቦርዷ ትእዛዝ የምትጽፍላት ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። አየሁት፤ ግማሹ ቅንፍ ነው።

መጀመሪያ የጻፈችላት እየደጋገመች «ውሃ አለ? ውሃ አለ?» እያለች እንድትጠይቅ ነበር። ቦርዷ ግን ሌላም ሥራ አለባት፤ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ለውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ለሐጅ እድሪስ በስልክ መልእክት ትልካለች። እሱን ስትል ጥያቄዋን ትረሳለች።

«ይኼ አይሆንም» አለች ማስተዋል። «እሷ መጠየቋ ይቅርና ውሃው ራሱ ይጥራት። ኢንተራፕት ይባላል። ስትጠራ የያዘችውን አቋርጣ አቤት ትላለች፣ ሞተሩን ታጠፋለች፣ ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች።»

«ካቆመችበት?»

«አንዲት ፊደል ሳትስት።»

ቅናት ቢጤ ያዘኝ። እኔ ዳዊት ላይ አንዴ ብቋረጥ የት ጋ እንደነበርሁ የማውቅ አይመስለኝም።

ሙከራው በባልዲ ሆነ። እኔ ተንሳፋፊውን ዝቅ አደርጋለሁ፣ እሷ ላፕቶፑ ላይ ታያለች። መጀመሪያ ዝም። ለካ ማስተዋል በየትኛው ሽቦ እንደምትጠራ ነግራታለች እንጂ ጠቅላላ ጆሮዋን አልከፈተችላትም። ከፈተችላት። አሁን ደግሞ አንዴ ብነካው ሰባት ቆጠረች።

«አንዴ ነው የነካሁት፣ እግዜር ያውቃል!»

«ብረቱ ሲገጥም ይነጥራል አባየ፤ ለእሷ ያ ሁሉ ጥሪ ነው።» አንዴ ከሰማች በኋላ ለቅጽበት ያህል ድጋሚውን እንዳትቆጥር አድርጋ አስተካከለችው። ሃያ ጊዜ ዝቅ አደረግሁ፤ ሃያ ጊዜ ቦርዷ «አጥፋ» አለች። አማተብሁ።

ጉድጓዱ ላይ ስንተክለው ግን ሐጅ እድሪስ ከሱቃቸው ደወሉ። «አያ ሞላ፣ መልእክቱ ግማሹ ነው የሚደርሰኝ። ግማሹን ለማን ነው የምትልኩት?»

ሞተሩ ሲነሣ ውሃው ይናወጣል፣ ተንሳፋፊው ይወዛወዛል፤ ቦርዷ መልእክት እየላከች መሃል ላይ ትጠራለች፣ ፊደሉ ይበላሻል። ማስተዋል አሰላሰለች። እኔ ግን መፍትሔው በእጄ ነበር።

«መልእክቱን ልካ እስክትጨርስ ጆሮዋን ዝጊላት።»

«መዝጋቱ ይቻላል። ግን አባየ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው እንጂ እንዲህ ረጅም ጊዜ...»

«ከትልቅ ሰው ጋር የሚነጋገር አይቋረጥም። እንደ ጸሎት ቁጠሪው» አልሁና የአባቴን ንግግር ጨመርሁላት። አንገቷን ደፍታ ጻፈችው። ሁለት መስመር ናት፤ አንዷ ትዘጋለች፣ አንዷ ትከፍታለች። በሁለቱ መሃል ቦርዷ «መልእክትዎ ደርሷል» እስክትባል ትጠብቃለች። ልጄን ታዛዥ አድርጌ በማሳደጌ የተጸጸትሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሳምንት ሠራ። መልእክቱም ሙሉ ሆነ። ሐጅ እድሪስ መረቁን።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ቀትር ላይ፣ ሞተሩን አስነሥቼ ዳዊቴን ገለጥሁ። እዚህ ድንበር ላይ ኔትወርኩ አንዳንድ ቀን ልቡ ወደ ሱዳን ይሸፍታል፤ ያን ዕለት ሸፈተ። ቦርዷ ጆሮዋን ዘግታ «ደርሷል» እስክትባል ቆመች። ውሃው ወረደ፣ ተንሳፋፊው ወረደ። ዝናሽ «አያ ሞላ! ሸተተ እኮ! ኧረ በእመቤቴ!» አለች። ሰማኋት። አልዞርሁም። ዘንድሮ የምትሰማ ሌላ አለች ብዬ ልቤን አሳርፌ ነበር።

ኔትወርኩ ሲመለስ ለሐጅ እድሪስ «ፓምፑ በሰላም እየሠራ ነው» የሚል ደረሳቸው፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ያኔ ቦርዷ ጆሮዋን ከፈተች፣ ወዲያው አቤት አለች፣ የሞተውንም ሞተር አጠፋችው።

ማስተዋል ሮጣ መጥታ እጇን ሞተሩ ላይ አሳረፈች፤ ፈጃት። «ጥሪው አልጠፋም አባየ» አለች። «ደጅ ቆሞ እየጠበቃት ነበር።» «ብዬዎት ነበር» እንኳ አላለችኝም። ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ ከሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ እስካሁን አላወጣችውም። ሌላ ሞተር ይምጣ የሚል ሰውም የለም። ሴቶቹ በሌሊት ተነሥተው ጓንግ ይወርዳሉ። ሲያልፉ እንደ ድሮው «እንደምን አደርህ አያ ሞላ» ይሉኛል።

ባለፈው ዓርብ ቀትር ላይ ከሞተው ፓምፕ አጠገብ ቆሜ እጸልይ ነበር። ሌላ የምጠብቀው ነገር የለኝም። ከኋላዬ «አባቴ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዝሙሩ መሃል ቆረጥሁና «አቤት!» ብዬ ዞርሁ። ማዳበሪያ ከረጢት የተሸከመ፣ ከሸሕዲ ጀምሮ ሥራ ፍለጋ በእግሩ የመጣ መንገደኛ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የሚጠጣ ውሃ እንዳለኝ ጠየቀኝ። እንደሌለ፣ ፓምፑም እንደተቃጠለ ነገርሁት። ፓምፑን አየ፣ ዳዊቴን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ታዲያ ውሃ ከሌለዎት ምን ብለው ነው ጸሎትዎን ያቋረጡት?»